የግሸን ተሳላሚና የአምባሰል ባለቤቶች

በደቡብ ወሎ አምባሰል፣ በትውፊት ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንዳረፈባት ወደሚነገርላት፣ አቀማመጡ መስቀል መሰል በሆነው አምባ ላይ ወደምትገኘው ግሸን ደብረ ከርቤ ማርያም፣ መስከረም 21 ቀን ለሚውለው ንግሥ በእግሩ የሚጓዝ ምእመን በሶና ቆሎ ቢቋጥርም፣ ሲመሽበት የየመንደሩን ደጅ ይጠናል። ይህ ሳይጠራ የመጣ መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ» ስለሚባል፣ ባለቤቶቹ እግሩን አጥበው ቤት ያፈራውን ያቀርቡለታል፤ በወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጎራብቶ ስለሚኖርም አስተናጋጁ ሁልጊዜ የእንግዳው ሃይማኖት ተከታይ አይሆንም። ሆኖም በዓሉ የሚውለው አዝመራው ሳይሰበሰብ፣ ጎተራው ሳስቶ ባለበት ወቅት በመሆኑ (ይህን ብዙ ጊዜ የከተማ ተሳላሚ አያስተውለውም)፣ መስተንግዶው ከሚታየው በላይ ዋጋ አለው። ስለዚህ ተጓዡ ስንቁን አትረፍርፎ ይያዝ፤ ላሳደረው ቤትም ያካፍል።