የሰው እንቁላል ጉዞ፦ ከእንቁላል ማኅደር እስከ ማኅፀን

የሰው እንቁላል ስፋቱ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ በራሱም መንቀሳቀስ አይችልም። ታዲያ ማኅፀን እንዴት ይደርሳል? እንቁላሉ ከማኅደሩ ሲወጣ የማኅፀን ቱቦው ጣት መሰል ጫፎች ማኅደሩን እየዳሰሱ ይቀበሉታል። በቱቦው ውስጠኛ ገጽ ያሉ ሽፋሽፍት መሰል ፀጉሮች ወደ ማኅፀን እየቀዘፉ፣ ጡንቻውም እየተኮማተረ ያሳልፉታል። የወንዱን ዘር የሚጠብቀው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው። ከዳበረ በኋላ እየተከፋፈለ ይጓዛል፤ ከ3 እስከ 4 ቀን ውስጥ ማኅፀን ይገባል፤ በ6ኛው ወይም በ7ኛው ቀን ግድግዳው ላይ መተከል ይጀምራል።

ክላሚዲያንና ጨብጥን የመሰሉ ሕመሞች ጠባሳ ጥለው ቱቦውን ካጠበቡት ግን ጽንሱ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ቱቦው እንደ ማኅፀን ስለማይለጠጥ ሊፈነዳ ይችላል፤ ደምም ወደ ሆድ ዕቃ ሊፈስስ ይችላል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ገጠር፣ ሆስፒታል ለመድረስ ረጅም መንገድ በሚኬድበት፣ ይህ ዕውቀት ሕይወት ነው። የወር አበባዋ የቀረ ሴት በታችኛው ሆዷ ብርቱ ሕመም ከተሰማት፣ ደም ከታያት ወይም ራሷን ከሳተች፣ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል በዚያው ሰዓት መወሰድ አለባት። «እስኪነጋ እንይ» ማለት አይገባም።