ስቴፐር ወይስ ሰርቮ? ለአነስተኛ የእርሻ ማሽኖች የሞተር ምርጫ

ዘር ከታሰበለት ቦታ አንድ ስንዝር ርቆ ቢወድቅ ጥፋቱ የሚታወቀው ቡቃያው ሲወጣ ነው። በእጁ የሚዘራ ገበሬ ስሕተቱን ወዲያው ያያል፤ ማሽን ግን የሚያየው ሠሪው ዐይን ከሰጠው ብቻ ነው። በግል ጥረት ዘር የሚዘሩ፣ ውኃ የሚያጠጡ ወይም እንጨት የሚቀርጹ ማሽኖችን ለሚሠሩ ሰዎች የሞተር ምርጫ ዋናው ቁም ነገር ይኸው ነው።

ስቴፐር ሞተር በተቆጠረ እርምጃ የሚዞር ነው። በብዛት የሚሠራበት ዓይነት አንድ ሙሉ ዙር በ200 እርምጃ ያጠናቅቃል፤ እያንዳንዱ እርምጃ 1.8 ዲግሪ ነው። በጥርሶቹ መካከል 2 ሚሊ ሜትር ርቀት ያለው ባለ 20 ጥርስ ፑሊ ቢገጠምለት፣ ችንጋው በአንድ ዙር 40 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ እርምጃም 0.2 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። ዋጋው ዝቅተኛ፣ አያያዙም ቀላል ሲሆን ከአሮጌ ፕሪንተር ተፈትቶም ሊገኝ ይችላል።

ድክመቱ ትእዛዙን መፈጸሙን አለማረጋገጡ ነው። ጭነቱ ከዐቅሙ ሲበልጥ እርምጃ ይዘልላል፤ መቆጣጠሪያው ግን እንደ ደረሰ ይቆጥረዋል። በተጠቀሰው ፑሊ 50 እርምጃ ቢዘለል ማሽኑ 1 ሴንቲ ሜትር ይስታል፤ ስሕተቱም ወደ ቀጣዮቹ ሥራዎች ሁሉ ይሸጋገራል። ከዚህም ሌላ ፍጥነቱ ሲጨምር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ቆሞም ኤሌክትሪክ ስለሚወስድ ይሞቃል።

ሰርቮ ሞተር በአንጻሩ የዘንጉን አቀማመጥ የሚያነብብ ኢንኮደር የተባለ መሣሪያ አለው። መቆጣጠሪያው የታዘዘውንና የተፈጸመውን ያነጻጽራል፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ከቀረ ኃይል ይጨምርለታል፤ ልዩነቱ ከገደብ ካለፈም ሥራውን ያቆማል። በከፍተኛ ፍጥነትም ጉልበቱ አይከዳውም። ነገር ግን ዋጋው ውድ ነው፤ በአግባቡ ካልተስተካከለም ይንቀጠቀጣል። ለመጫወቻ መኪናዎች የሚውለው ትንሹ ሰርቮ ከዚህ የተለየ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚዞረው 180 ዲግሪ ያህል ብቻ በመሆኑ የዘር መውጫን ለመክፈትና ለመዝጋት እንጂ ማሽን ለመንዳት አይሆንም።

በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ፋርምቦት የተባለው ማሽን ያሳያል። አሜሪካዊው ሮሪ አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ2013 ሐሳቡን በጽሑፍ ያቀረበለት ይህ ማሽን ንድፉ ለሁሉም ክፍት ነው። በአትክልት መደብ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ እየተጓዘ ይዘራል፤ ያጠጣል፤ አረምም ያስወግዳል። ጀነሲስ የተባለው ሞዴሉ የሚሠራው ኢንኮደር በተገጠመላቸው ስቴፐር ሞተሮች ነው። ጉዞው ዝግ ያለ፣ ጭነቱም ቀላል በመሆኑ ውድ ሰርቮ አላስፈለገውም፤ ድንጋይ ወይም ግንድ ቢያግደው ግን ኢንኮደሩ መሳቱን ያሳውቃል።

ስለዚህ ጭነቱ የታወቀና ፍጥነቱ ዝቅተኛ ከሆነ ስቴፐር ይበቃል። ስሕተቱ ቶሎ የማይታይና ጉዳቱ የከፋ ከሆነ ኢንኮደር ያለው ስቴፐር ይሻላል። ፍጥነት የሚጠይቅና ጭነቱ የሚለዋወጥ ሥራ ግን ሰርቮ ያስፈልገዋል። መብራት ሲቋረጥ አብዛኞቹ ያሉበትን ቦታ ስለሚረሱ፣ የትኛውም ቢመረጥ መነሻውን የሚያሳውቅ ማብሪያ ማጥፊያ በሐዲዱ ጫፍ ሊገጠም ይገባል።

ሞተር ከመግዛት በፊት የማሽኑን ተንቀሳቃሽ ክፍል በስፕሪንግ ሚዛን መጎተት ይጠቅማል። ሚዛኑ 2 ኪሎ ግራም ቢያሳይና የፑሊው ሬዲየስ 0.64 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ የሚያስፈልገው የመጠምዘዝ ጉልበት የሁለቱ ብዜት ማለትም 1.28 ኪሎ ግራም በሴንቲ ሜትር ነው። ስቴፐር ከሆነ ቢያንስ የዚህ እጥፍ ያለውን መምረጥ ይመከራል፤ ማሽኑ ሲነሣና መሰናክል ሲያጋጥመው እርምጃ እንዳይዘልል የሚያደርገው ይህ ትርፍ ጉልበት ነውና።