ስደተኛ ያቆመው የሰዓት ቤት

በጅቡቲ ከተማ ዳር፣ ባልባላ ውስጥ፣ አንድ ጎረቤት አሉኝ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሰባውን አልፈዋል። ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ፣ አባታቸው የምድር ባቡር ሸሚኖ (ሠራተኛ) የነበሩ ሰው ናቸው። በቀደም አመሻሽ ላይ የታጠፈ መሃረብ ይዘው ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ነገ ወርቅ ቤት አብረኸኝ ትሄዳለህ። ግራሙን ስለማላውቅ እንዳያታልሉኝ» አሉኝ።

መሃረቡ ሲፈታ ውስጡ የወርቅ የእጅ ሰዓት ነው። ማሰሪያው የለም። ገጹ በዕድሜ ብዛት የሻይ ቀለም ይዟል፤ ከላይ በኩል የዖሜጋ ምልክት ይታያል። «የአባቴ ነው፤ የሞተ ዕለት ከእጁ ላይ የፈታሁት እኔ ነኝ» አሉ። ለምን ሊሸጡት እንደፈለጉ አልጠየቅኋቸውም። የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ይህን አይጠይቅም።

አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው፤ ከወርቅ ቤቱ በፊት ሰዓት ሠሪ ዘንድ እንለፍ።

ሰዓት ሠሪው ገበያው ዳር ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚሠራ ሰው ነው። አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካ፤ በስስ ቢላዋ ጫፍ የኋላ ክዳኑን ፈልፈል ሲያደርገው ጠቅ ብሎ ተነሣ። መነጽሩን ለእኔም አቀበለኝ። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል የሴት ራስ ታትማለች፤ የስዊዘርላንድ የወርቅ ማረጋገጫ ማኅተም ናት። አጠገቧ 0.750 ተብሎ ተጽፏል፤ ከ1000 እጅ 750ው ወርቅ፣ ማለትም 18 ካራት ነው ማለት ነው። ከዚያ ሥር ረጅም ቁጥር አለ። ሞተሩ የመዳብ ዓይነት ቅላት ያለው ሲሆን በመሐሉ ቀያይ የሩቢ ድንጋዮች ያበራሉ። ሰዓት ሠሪው በወረንጦ አንዷን መዘውር ነካ ሲያደርጋት ሁለት ሦስት ጊዜ ተወዛወዘችና ቆመች። «ሞላው ደህና ነው። የደረቀው ዘይቱ ነው» አለ።

ወርቅ ቤት ብንሄድ ኖሮ የሚመዘነው ክዳኑና ቀፎው ብቻ ነበር። ሩቢውም፣ ሞላውም፣ ቁጥሩም ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ይኸው ነው። ስለ ወርቅ ሰዓት ስናወራ ወርቁን ብቻ እያየን ሰዓቱን እንረሳለን። ስለዚህ ከእኛ ታሪክ ጋር የተሳሰረውን ትልቁን የወርቅ ሰዓትና የሠራውን ቤት ላስተዋውቃችሁ።

ሰዓቱ የጃንሆይ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1954) በአውሮፓ ባደረጉት ረጅም ጉብኝት ስዊዘርላንድ ሲደርሱ የተበረከተላቸው ነው። ሠሪው የጄኔቩ ፓቴክ ፊሊፕ ሲሆን ዓይነቱ በቤቱ መዝገብ 2497 በሚል ቁጥር ይታወቃል። ስፋቱ 37 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዛሬዎቹ ሰዓቶች ጎን ሲቀመጥ ትንሽ ይመስላል። ከገጹ ላይ ሁለት ጠባብ መስኮቶች አሉ፤ አንዱ የሳምንቱን ቀን፣ ሌላው ወሩን ያሳያል። ከታች ክብ ሰሌዳ ላይ ቀኑ ይነበባል፤ በሰሌዳው ውስጥ ጨረቃ ትወጣለች፣ ትሞላለች፣ ትጎድላለች። ሰከንድ ቆጣሪው ከመሐል ተነሥቶ ሙሉውን ገጽ ይዞራል። ይህ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1951 መሠራት ጀምሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲያበቃ ከሁለት መቶ ያነሰ ቁጥር ብቻ ነበር የወጣው።

የሠሪው ቤት ታሪክ ለባልባላ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ የሚጀምረው በስደት ነው። አንቶኒ ፓቴክ ፖላንዳዊ የፈረሰኛ መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1830 ፖላንዶች በሩሲያ ላይ ሲነሡ ተዋጋ፤ አመፁ በማግስቱ ዓመት ሲከሽፍ እንደ ብዙ ሺህ ወገኖቹ አገሩን ጥሎ ወጣ። ዞሮ ዞሮ ጄኔቭ አረፈ። እዚያም እንደሱው ስደተኛ ከነበረው ሰዓት ሠሪ ፍራንሲሼክ ቻፔክ ጋር እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1839 የሰዓት ድርጅት ከፈቱ። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻቸው መካከል የፖላንድ ጀግኖችና ቅዱሳን ምስል የተቀረጸባቸው የኪስ ሰዓቶች ይገኛሉ። ገዢዎቹም በአብዛኛው እንደነሱው አገር የናፈቃቸው ፖላንዶች ነበሩ።

ጄኔቭ ራሷስ ብትሆን ሰዓትን ያገኘችው ከስደተኞች አይደለምን? በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይ በሃይማኖት የተሳደዱ ፕሮቴስታንት የእጅ ባለሙያዎች ወደዚያች ከተማ ጎረፉ። የከተማዋ መንፈሳዊ መሪ ካልቪን ጌጣጌጥን ሲከለክል፣ ሥራ የፈቱት የወርቅ አንጥረኞች ጣታቸውን ወደ ሰዓት አዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1601 ሰዓት ሠሪዎቹ የራሳቸውን ማኅበር አቆሙ።

ፓቴክና ቻፔክ ስድስት ዓመት ከሠሩ በኋላ ተለያዩ። በቻፔክ ቦታ የመጣው ዣን አድሪያን ፊሊፕ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ያን ጊዜ ሰዓት የሚሞላው በትንሽ መክፈቻ ነበር፤ መክፈቻው ከጠፋ ሰዓቱ ይቆማል። ፊሊፕ ሰዓቱን ከጎኑ ባለችው እንቡጥ ብቻ መሙላትና ማስተካከል የሚያስችል ስልት ፈጠረ፤ እ.ኤ.አ. በ1844 ፓሪስ በተከፈተው የኢንዱስትሪ ኤግዚቢሽን ላይ አቀረበው። ፓቴክ እዚያ አየውና ወደ ጄኔቭ ጠራው። ከ1851 ጀምሮ የቤቱ ስም ፓቴክ ፊሊፕ ሆነ። በዚያው ዓመት በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ንግሥት ቪክቶሪያ ከሰዓቶቻቸው ገዛች። ዛሬ ማንም ሰው በሁለት ጣቱ ይዞ የሚያዞራት እንቡጥ ከዚያ ዘመን የመጣች ናት። እ.ኤ.አ. በ1932፣ ዓለም በኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ሳለች፣ ለቤቱ የሰዓት ገጽ ይሠሩ የነበሩት የሽተርን ወንድማማቾች ድርጅቱን ገዙት፤ እስከ ዛሬም በዚያው ቤተሰብ እጅ ነው።

ወደ ጃንሆይ ሰዓት ልመለስ። እኔን ከወርቁ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የቀን መቁጠሪያው ነው። ፈረንጆቹ ዘላለማዊ ይሉታል። ወሩ 30 ይሁን 31፣ የካቲታቸው 28 ይሁን 29፣ ሰዓቱ ማንም ሳይነካው ያውቃል። እንዴት? በውስጡ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምትዞር መዘውር አለች። ዳርዋ ለ48ቱ ወራት ተከፋፍሏል። 31 ቀን ያለው ወር ቦታ ሙሉ ነው፤ የ30 ቀኑ በጥቂቱ የጎደጎደ ነው፤ የፌብሩዋሪ ደግሞ ጠለቅ ያለ ነው፤ በአራተኛው ዓመት ብቻ ጥልቀቱ ትንሽ ይቀንሳል። አንዲት ቀጭን ምላስ በየወሩ መጨረሻ ዳርዋን እየዳሰሰች ወደ ጎድጓዳው ትገባለች፤ በገባችበት ልክ ቀኑ ወደ 1 ይዘላል። የብረት ትውስታ ማለት ይህ ነው።

ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። አራት ዓመት ማለት ለእኛ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ ነው፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። እንዲያውም የጄኔቭ ባለሙያ ለሐበሻ ቢሠራው ሥራው ይቀልለት ነበር። መዘውሯን ለ52 ወራት ይከፍልና 48ቱን እኩል ይተዋቸዋል፤ ለአራቱ ጳጉሜን ብቻ፣ ሦስቱን ለአምስት ቀን አንዷን ለስድስት ቀን፣ ጎድጎድ አድርጎ ይቆርጣል። ዘላለማዊ የተባለው የፈረንጁ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2100 ይሳሳታል። ያ ዓመት በአራት ቢካፈልም በእነሱ ሕግ ፌብሩዋሪ 28 ላይ ያልቃል፤ ሰዓቱ ግን 29 ብሎ ይጠብቃል፤ የሰው እጅ ገብቶ ሊያርመው የግድ ነው። የእኛ አቆጣጠር እንዲህ ያለ ዝላይ ስለሌለው መዘውሯ አትሳሳትም ነበር። እንቁጣጣሽ ግን ከዚያ ወዲያ በአብዛኛው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ላይ መዋል ትጀምራለች።

የጃንሆይ ሰዓትና የጅቡቲ ከተማ እንዴት እንደሚገናኙ ደግሞ ልንገራችሁ። ጅቡቲንና አዲስ አበባን ያገናኘው ባቡር ፈቃድ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ ሲሰጥ ከጀርባው የነበረው አልፍሬድ ኢልግ የሚባል ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ ነው። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የባሕር ማዶ ዕቃ በዚህ ወደብ ይራገፍና በዚያ ባቡር ይወጣ ነበር። ባቡር ደግሞ የፀሐይን ጥላ አይጠብቅም፤ ደቂቃን ለሸሚኖው ሥራ ያደረገው እሱ ነው።

በዚያው ሐዲድ ላይ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ሚያዝያ 26 በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ከዚህ ወደብ በስደት ወጡ። ሰኔ 23 ጄኔቭ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የአገራቸውን በደል ተናገሩ፤ የሚሰማ ጠፋ። ፓቴክ ከመቶ ዓመት በፊት ስደተኛ ሆኖ የተቀመጠባት ከተማ ጄኔቭ ናት። በ18 ዓመቱ ጃንሆይ ወደ ስዊዘርላንድ ሲመለሱ በክብር ተቀበሏቸው፤ በእጃቸውም በዚያችው ከተማ የተሠራ የወርቅ ሰዓት ገባ። ይህን ሳስብ ሰዓቱ ላይ ያለው ወርቅ ከሁሉ የቀለለው ነገር ሆኖ ይታየኛል።

ከ1967 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የንጉሣዊው ቤተሰብ ንብረት ብዙው ተበተነ። ሰዓቱ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 ጄኔቭ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ሊሸጥ ሲል የባለቤትነት ክርክር ተነሥቶበት ከጨረታው ወጣ። በሜይ 2017 ግን ተመልሶ ቀረበና በ2.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ወርቁ ቀልጦ ቢሸጥ የዚህን ዋጋ መቶኛ እንኳ አያወጣም። ቀሪው ዋጋ የእጅ ሥራው፣ የባለቤቱ ስምና የመዝገቡ ነው። ፓቴክ ፊሊፕ የሠራቸውን ሰዓቶች በቁጥር መዝግቦ ስለሚይዝ፣ አንድ ሰዓት መቼ እንደተሠራና መቼ እንደተሸጠ ከመዝገቡ አውጥቶ ይናገራል። እኔ ግን ያንን ሰዓት አዲስ አበባ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ሆኖ የትምህርት ቤት ልጆች ሲያዩት ባይ እመርጣለሁ። የታሪካችን ቁራሽ ነውና።

የስደት ነገር ከተነሣ፣ ባልባላ ራሷ የተቆረቆረችው ከአጥር ውጭ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. ከ1966ቱ ሁከት በኋላ የጅቡቲን ከተማ በእሾህ ሽቦ ሲያጥሩ፣ ማለፍ ያልተፈቀደለት ሁሉ ከሽቦው ወዲህ ጎጆ ቀለሰ፤ ጎጆው መንደር፣ መንደሩ ከተማ ሆነ። ከኢትዮጵያም፣ ከሶማሊያም የሸሸ ሰው እየመጣ ተጨመረበት። ከአገሩ የወጣ ሰው ብዙ ዕቃ አይዝም፤ በኪስ የሚገባውን፣ በእጅ የሚታሰረውን ነው የሚይዘው። ስለዚህ በእነዚህ የቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ በመሃረብ የተጠቀለለ ስንት ሰዓት እንዳለ እገምታለሁ።

የጋሼ ሰዓት ተጠርጎ፣ ዘይቱ ተቀይሮ በሳምንቱ ተመለሰ። እንደዚያ ዘመን አብዛኞቹ ሰዓቶች በሰከንድ አምስት ጊዜ ይመታል። ጋሼ ጆሯቸው ላይ አስጠግተው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በሐበሻ አቆጣጠር ሞሉት። የከተማው ሬዲዮ 12 ሲል የእሳቸው ቆጣሪ 6 ላይ ነው፤ ደቂቃው አንድ ነው። «አባቴም እንዲህ ነበር የሚይዘው» አሉ። ወርቅ ቤት አልሄድንም። ለኪራዩ ከጎረቤት ጋር ሆነን ሌላ መላ ፈለግንለት።

የጋሼ ሰዓት ሚሊዮን ያወጣል እያልሁ አይደለም፤ አያወጣም። ሆኖም እናንተም የአባት ወይም የአያት የወርቅ ሰዓት ካላችሁ፣ ችግር አስገድዷችሁ ብትሸጡት እንኳ፣ በሚዛን አትሽጡት። አስቀድማችሁ ታማኝ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሄዳችሁ አስከፍቱት። በክዳኑና በሞተሩ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ገልብጡ፤ ፎቶ አንሡት። ይብረቅልህ ብሎ የሚፈገፍግላችሁን እምቢ በሉት፤ ማኅተሙንና ጠርዙን ይበላዋል። በአንድ ወረቀት ላይ ደግሞ ማን ለማን እንደሰጠው፣ መቼና የት እንደታሰረ ጻፉና ከሰዓቱ ጋር አስቀምጡት። ሠሪው ቤት የሚመዘግበው የተሠራበትንና የተሸጠበትን ቀን ነው። አባታችሁ በየትኛው ባቡር ላይ አስረውት እንደነበር የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።