የጉድጓዱ ገመድ ለምን ይረዝማል?

በመስከረም ከጉድጓዳችን ውሃ ስንቀዳ አጭር ገመድ ይበቃናል። በግንቦት ግን ያው ገመድ አይደርስም። ሌላ እንቀጥልበታለን። ጉድጓዱን ማንም አልቆፈረውም። ታዲያ ውሃው ወዴት ሄደ?

ብዙዎቻችን ከመሬት በታች ትልቅ ወንዝ ያለ ይመስለናል። በአብዛኛው ቦታ ግን እንዲህ አይደለም። ዝናብ ሲዘንብ ከፊሉ በጎርፍ ይሄዳል። ከፊሉን ፀሐይ ያተነዋል፤ ተክልም ይጠጣዋል። የቀረው ቀስ እያለ ወደ መሬት ይሰርጋል። አሸዋውን፣ ጠጠሩንና የተሰነጠቀውን ዓለት ይሞላል። ይህ የከርሰ ምድር ውሃ ይባላል። አሸዋ በሞላ ጣሳ ላይ ውሃ አፍስሱ። ውሃው በአሸዋው መካከል ይገባል። ከመሬት በታችም እንዲሁ ነው።

ይህ ውሃ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከከፍታ ወደ ዝቅታ በዝግታ ይጓዛል። ሸክላ አፈር ወይም ድፍን ዓለት ሲያግደው በተራራው ግርጌ ብቅ ይላል። ምንጭ የምንለው እሱ ነው። በበጋ ወንዝ የሚፈሰውም የከርሰ ምድር ውሃ ከሥር ስለሚመግበው ነው። በክረምት ደግሞ አንዳንዱ ወንዝ ሞልቶ መሬቱን መልሶ ያጠጣል። እንግዲህ ጉድጓዱ፣ ምንጩና ወንዙ ዘመዳሞች ናቸው። ከአንዱ ብዙ ሲወሰድ ሌላው ይጎድላል።

በምሥራቅ ሐረርጌ ያለውን የሐሮማያን ሐይቅ እንመልከት። የቀድሞ ስሙ ዓለማያ ነው። ለሐረር ከተማ ሰው መጠጥ፣ ለገበሬው መስኖ ነበር። ከሐይቁም፣ በዙሪያው ካሉት ጉድጓዶችም ውሃው በሞተር ተሳበ። ከተራቆተው ኮረብታ ደለል ገባበት። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሐይቁ ደረቀና ሜዳ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ግን ውሃው ተመልሶ መታየት ጀመረ።

ታዲያ ምን እናድርግ? በዳገቱ ላይ እርከን እንሥራ። ጎርፉ ሲገታ ውሃው ይሰርጋል። ቦረቦሩን በክትር እናቁመው። ቦረቦር በጠለቀ ቁጥር የመሬቱን ውሃ እያንጠፈጠፈ ያወጣል። ባሕር ዛፍ ብዙ ውሃ ስለሚጠጣ ከምንጭ አጠገብ አንትከል። ሽንት ቤትም ከጉድጓዱ በስተታች፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ ይቆፈር። ቆሻሻ ከውሃ ጋር ይጓዛልና።

በግንቦት ገመዳችሁን ለኩ። ስንት ክንድ እንደሆነ በደብተራችሁ ጻፉ። በዓመቱ እንደገና ለኩት። ገመዱ ከዓመት ዓመት ከረዘመ ጉድጓዱ እስኪደርቅ አትጠብቁ። ጎረቤት ሰብስባችሁ ምከሩ።