የማይታየውን የሩዝ ቀለም መለካት

በሻርጃ ኤምሬት ያለችው አል ዳይድ የምትታወቀው በተምሯ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ግን አሸዋዋ ላይ ሩዝ ተዘራ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የአየር ንብረት ለውጥና አካባቢ ሚኒስቴር ከደቡብ ኮሪያ የግብርና ተመራማሪዎች ጋር የሞከረው ነው፤ በ2020 ግንቦት ላይ ታጨደ። ቀደም ብሎ በ2018 ደግሞ የቻይናዊው የሩዝ ሊቅ የዩዋን ሎንግፒንግ ቡድን በዱባይ በረሃ ጨው የሚችል ሩዝ አብቅሏል።

ውሃ እንዲህ በሚወደድበት ምድር የሩዙን ችግር ቅጠሉ ቢጫ እስኪሆን ጠብቆ ማወቅ ኪሳራ ነው። ቀድሞ የሚናገረው ከቅጠሉ የሚመለሰው ብርሃን ነው።

ጤነኛ ቅጠል ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ለምግብ ሥራው ይውጣል፤ ከአረንጓዴው የተወሰነውን ይመልሳል። ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ግን ግማሽ ያህሉን መልሶ ይረጨዋል። በድሮን ወይም በሳተላይት ላይ ያለው ካሜራ ቀዩንና ኢንፍራሬዱን ለየብቻ ይለካል። ከኢንፍራሬዱ ቀዩ ይቀነስና ለሁለቱ ድምር ይካፈላል። ቅጠሉ ከኢንፍራሬዱ 50 ከቀዩ 5 በመቶ ቢመልስ ውጤቱ 0.82 ይሆናል፤ 30 እና 25 በመቶ የሚመልስ ባዶ አፈር 0.09 ብቻ ያገኛል። ስሌቱ ይህችው ናት፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራታል።

ሩዝ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ችግኙ ውሃ በተኛበት ማሳ ሲተከል ካሜራው የሚያየው ውሃውን ስለሆነ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ከአንድ ሥር ብዙ አገዳ ሲያወጣ ሽቅብ ይሄዳል፤ ዛላ በሚያወጣበት ሰሞን ጣራ ይነካል፤ ፍሬው ሲበስል ይወርዳል። ማሳው ጥቅጥቅ ካለ በኋላ ግን ቁጥሩ ይደነዝዛል። ያኔ ማዳበሪያ የጎደለውን ከጠገበው ለመለየት በቀዩና በኢንፍራሬዱ መካከል ያለው ጠባብ ዳርቻ ይለካል።

በረሃው ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ተክሉ ገና ትንሽ ሳለ በመካከሉ የሚያብረቀርቀው አሸዋ ልኩን ያዛባል። አልፍሬዶ ሁየት የተባለ ተመራማሪ በ1988 የአፈሩን ነጸብራቅ የሚያርም ቀመር ያወጣው ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነው። ከዚህ የሚከፋው፣ ጨው የጎዳው፣ ውሃ የጠማውና ናይትሮጅን ያጣው ሩዝ በቁጥሩ ሊመሳሰሉ መቻላቸው ነው። መሣሪያው «እዚህ ጋ ችግር አለ» ይላል እንጂ ችግሩ ምን እንደሆነ አይናገርም። አፈሩን ቆፍሮ፣ ጨውን ለክቶ የሚያረጋግጥ ሰው የግድ ነው። ያለ እሱ ካርታው ጌጥ ነው።

እውነቱን ለመናገር በኤምሬትስ ሩዝ ገና ሙከራ ነው፤ ሻርጃ በሰፊው የገባችበት ስንዴ ነው። በ2022 የተመረቀው የምሌይሃ እርሻ በመጀመሪያው ምዕራፍ 400 ሄክታር ይዞ ተነሥቷል፤ ሰብሉም በሳተላይትና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ይታያል። ይህ ዓይነቱ ልኬት ለሩዝ የበለጠ የሚጠቅመው እኛ ዘንድ፣ በጣና ዳር ባለው ፎገራ ሜዳ ነው። እዚያ እንቅፋቱ ክረምቱን ሙሉ የማይገለጠው ደመና ነው፤ እሱንም ቢሆን የራዳር ሳተላይት ያልፈዋል። ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ የሚያነሱት ምስል ለማንም በነፃ ክፍት ነው። ግብርና የምታጠኑ ወጣቶች፣ የፎገራን ማሳ ምስል ከፍታችሁ ቀዩንና ኢንፍራሬዱን አሁኑኑ ማስላት ትችላላችሁ።