ብርቱካን ሚደቅሳ፦ ከችሎት ወደ ፓርቲ፣ ከፓርቲ ወደ ምርጫ ቦርድ

መርካቶ ውስጥ ሁለት ነጋዴዎች በደረቅ ቼክ ሲጣሉ መጀመሪያ ሽማግሌ ይቀመጣል። አልሆን ሲል ነገሩ ለዓመታት ብዙ ጊዜ ያርፍ የነበረው ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ የከተማው ፍርድ ቤቶች የቀበሌ ቤት ክርክርንና የመሳሰለውን ይዘው ይቀሩ ነበር። ብርቱካን ሚደቅሳ በዳኝነት የተሰየሙት በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነበር።

ስማቸው አደባባይ የወጣው በ1993 ዓ.ም. ሕወሓት ለሁለት ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ሲቀርቡ ወጣቷ ዳኛ በዋስ እንዲወጡ አዘዙ። ፖሊስ ግን ወዲያው መልሶ ያዛቸው። ፓርላማውም በሙስና የተጠረጠረን ሰው ዋስትና የሚነሳ ሕግ በጥድፊያ አወጣ። ከዚያ ወዲያ የመጣው የብርቱካን ሕይወት ሁሉ፣ በእኔ እይታ፣ ከዚህች ትእዛዝ የሚመዘዝ ነው።

በአሜሪካ ከፖለቲካ ወደ ችሎት መሻገር የተለመደ ነው። ሳንድራ ዴይ ኦኮነር የአሪዞና ግዛት ሴኔት የአብላጫው መሪ ነበሩ፤ በኋላ በግዛቱ ዳኛ ሆነው ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ሆኑ። እኛ ዘንድ ሕጉ ዳኛን ከፓርቲ አባልነት ይከለክላል፤ ፖለቲካ ያማረው ወንበሩን ይለቃል። ብርቱካንም ለቀቁ። ጥብቅና ያዙ፣ ከዚያ በቀስተ ደመና ፓርቲ በኩል የተቃዋሚዎች ጥምረት የሆነው ቅንጅት ገብተው ምክትል ሊቀመንበር ሆኑ።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች አንድ ሳያስቀር ወሰደ። የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ ያኔ ከማል በድሪ ነበሩ፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትም እሳቸው ነበሩ። በቦርዱ የተከፋ ሰው አቤት እያለ ወደ ላይ ቢወጣ ጫፉ ላይ የሚያገኘው ያንኑ ሰው ነው!

ጥቅምት 22 ቀን 1998 ዓ.ም. መርካቶ ተኩስ ተሰማ፤ የቅንጅት መሪዎችም መታሰር ጀመሩ። ከምርጫው በኋላ የተነሳውን ሁከት እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በጠቅላላው 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ደረሰበት፤ የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ግን ከአገር ተሰደዱ። ከታሰሩት መሪዎች አንዷ ብርቱካን ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ሐምሌ 1999 በይቅርታ ወጡ፣ አንድነት ፓርቲን መሩ፣ ታህሳስ 2001 ይቅርታው ተነስቶ ተመልሰው ገቡ፣ መስከረም 2003 ተፈቱ። እሳቸው እስር ቤት ሳሉ ከፓርቲያቸው ጋር ከተቀላቀሉት አንዱ በዋስ ይውጡ ያሏቸው ስዬ አብርሃ ናቸው።

ከእስሩ በኋላ ከሄዱበት ስደት መልስ፣ ህዳር 2011 ዓ.ም.፣ ፓርላማው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ ሾማቸው። ችሎት ባይባልም ሥራው ዳኝነት ነው፤ እጩ መመዝገብ፣ አቤቱታ መስማት፣ ውጤት ማጽደቅ።

ግንቦት 2013 ላይ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት፣ እስር ቤት የነበሩት የተቃዋሚው ባልደራስ ፓርቲ እጩዎች እንዲመዘገቡ አዘዘ። ከመካከላቸው በ1998ቱ መዝገብ ከብርቱካን ጋር የተከሰሱት እስክንድር ነጋ ይገኛሉ። የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ታትሞ ነበርና ቦርዱ መጀመሪያ ትእዛዙን ለመፈጸም እንደሚቸገር አስታወቀ። ባልደራስ ፍርድ ቤት ተመለሰ። ሰኔ 14 ምርጫው ከመደረጉ በፊት ቦርዱ እጩዎቹን መዘገበ።