ከሕዋስ የሚነሣ ሕመም፦ ከመርሳ ወባ እስከ ደላንታ ጓያ

በሐብሩ ቆላ፣ በመርሳና በጊራና ዙሪያ፣ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲቋጥር ወባ ይነሣል። ሁላችንም የምናውቀው ብርድ ብርድ ማለቱን፣ ትኩሳቱንና ላቡን ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኾ ግን እ.ኤ.አ. በ1858 የበሽታ መነሻው ሕዋስ ነው ብሎ አስተምሯል። የወሎን ሕመሞች በዚህ ዓይን ማየት ይጠቅማል፤ መድኃኒቱ ለምን እንደሚሠራና ለምን እንደሚከሽፍ የሚገባን ያኔ ነውና።

ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ይኖራል። ኒውክለስም ሚቶኮንድሪያም ስለሌለው ጉልበት የሚያገኘው ስኳር በመሰባበር ብቻ ነው። ውስጡን የሞላው ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ነው፤ የወባ ተሕዋስም የሚመገበው ይህንኑ ነው። ሄሞግሎቢኑ ሲፈጭ የሚተርፈው ብረት ያዘለ ሄም ለራሱ ለተሕዋሱ መርዝ ስለሆነ ወደ ክሪስታል ለውጦ ያስቀምጠዋል። ክሎሮኪን ይህን ሥራ ስለሚያውክ ተሕዋሱ በምግቡ ትራፊ ይመረዛል። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. የ2015ን ኖቤል የተጋራችበት አርቴሚሲኒን ደግሞ በዚያው ሄም አማካይነት ነቅቶ የተሕዋሱን ፕሮቲኖች ያበላሻል።

ስጋቱም እዚሁ ላይ ነው። ኬልች 13 የተባለው ፕሮቲን ተሕዋሱ ሄሞግሎቢን እንዲውጥ ያግዘዋል። ፕሮቲኑ ሲለወጥ ተሕዋሱ የሚውጠው ያንሳል፤ አርቴሚሲኒንን የሚያነቃው ሄምም አብሮ ስለሚያንስ መድኃኒቱ ይደክማል። በዚህ ፕሮቲን 622ኛ ቦታ ላይ የደረሰ ለውጥ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል፤ በ2023 የወጣ ሰፊ ጥናትም መዛመቱን አሳይቷል። በእኔ ግምት ከአማራ ክልል የጤና ጉዳዮች ሁሉ ይህን ያህል ትኩረት የሚሻ ጥቂት ነው።

ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ጠባዩ ሌላ ነው። ወጣት ቀይ ሕዋሶችን ይመርጣል፤ የሚገባውም በአብዛኛው ደፊ በተባለው የሕዋስ ገጽ ፕሮቲን በኩል ነው። በምዕራብ አፍሪካ ይህ ፕሮቲን በቀይ ሕዋሱ ላይ ያለው ሰው እጅግ ጥቂት ስለሆነ ቫይቫክስ ብዙም አይታይም፤ በኢትዮጵያ ግን ያለውም የሌለውም ሰው አለ፤ ከሌላቸው መካከልም የታመሙ ተገኝተዋል። ከሁሉ የከፋው በጉበት ሕዋስ ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ መነሣቱ ነው። ሰው ትንኝ እንደ አዲስ ነደፈኝ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የተነሣው አሮጌው ነው። የተኛውን የሚገድለው ለ14 ቀን የሚወሰደው ፕሪማኪን ነው። ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም የሚጎድላቸው ሰዎች ግን ቀይ ሕዋሳቸው በዚህ መድኃኒት ሊፈርስ ስለሚችል ቀድሞ መመርመሩ ይበጃል።

የሕዋስ መከፋፈል ልጓሙን ሲያጣ የሚመጣው ካንሰር ነው። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ ፒ53 የተባለውን የሕዋስ ጠባቂ ፕሮቲን ያስወግዳል። የመከላከያው ክትባት በአገራችን ለልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

በነርቭ ሕዋስ ደረጃ የወሎ ደጋ ከባድ ትዝታ አለው። በጓያ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ ነርቮች መልእክት ከሚለዋወጡበት ግሉታሜት ጋር ይመሳሰላል። እንቅስቃሴን የሚያዝዙትን ሕዋሶች ያለ ፋታ ይቀሰቅሳቸዋል፤ ካልሲየም ይጎርፍባቸዋል፤ ሚቶኮንድሪያቸው ይጎዳል፤ በመጨረሻም ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከድርቅ በኋላ በደላንታ ዳውንት የብዙ ሰው እግር ሽባ የሆነው በዚህ ነው። ቆዳ ሲቆረጥ አዳዲስ ሕዋሶች ይተኩለታል፤ እነዚህ የነርቭ ሕዋሶች ግን አይተኩም። ጓያን በውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ጉዳቱን ይቀንሳል። ከጓያ በቀር ሌላ ለሌለው ቤተሰብ ግን ምክር ብቻውን አይበቃም፤ በድርቅ ዓመት እርዳታ የሚያደርሱ ሁሉ ጓያ ብቸኛ ምግብ ከመሆኑ በፊት ሌላ እህል ያድርሱ።